የኪልት መርፌ፦ ምን እንግዛ፣ የት እንሰካ



እንደምታውቁት በመጪው ሐምሌ ሁለት ልጆቻችን እዚሁ ግላስጎው ኪልት ለብሰው ይሞሸራሉ። እኛም ከማኅበሩ ሣጥን ለእያንዳንዳቸው የኪልት መርፌ ልንሰጥ ተስማምተናል። ገንዘቡ የሁላችን ስለሆነ አውቀን ብንገዛ ይሻላል።

ኪልት ሽንሽኑ ከኋላ ነው። ከፊት ሁለት ለጥ ያሉ ሽፋኖች ይደራረባሉ። መርፌው የሚሰካው በላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ በለባሹ ቀኝ በኩል፣ ከታችኛው ጥግ ጥቂት ጣት ገባ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክብደቱ ጨርቁን ወደ ታች ስለሚይዘው ነፋስ በቀላሉ አይገልጠውም። የዚህን አገር ነፋስ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

አደራችን አንድ ነው፤ ሁለቱን ሽፋን አንድ ላይ አትውጉ። የእናት ልብ «እንዳይገለጥበት» ብሎ አጥብቆ መያዝ ይወዳል። ነገር ግን ልጁ ሲቀመጥ፣ ሲጨፍር ሽፋኖቹ በየፊናቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ከተያያዙ ጨርቁ ይቀደዳል። ጥሩ የሱፍ ኪልት በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያወጣል። የሙሽሮቻችን ደግሞ የኪራይ ነው፣ ከተቀደደ ከፋዩ ቤተሰብ ነው። ኪልቱን የሚይዘው የወገቡ ማሰሪያ እንጂ መርፌው አይደለም።

ንግሥት ቪክቶሪያ ነፋስ ያስቸገረውን ወታደር አይተው የራሳቸውን መርፌ ሰጡት ይባላል። ተረት ይመስለናል፣ ለጨዋታ ግን ደስ ይላል።

ቅርጹ ብዙ ነው፤ ሰይፍ፣ አጋዘን፣ የጎሣ ዓርማ፣ የስኮትላንድ ምልክት የሆነው ኮሸሽላ። የጎሣ ዓርማ ባይሆን እንመርጣለን፣ የሌላ ቤተሰብ ማኅተም ማንጠልጠል ይሆናል። ኮሸሽላ የአገሩ ሁሉ ነው፤ እሾሁንም እኛ ከአገር ቤት እናውቀዋለን።

ለዘወትር ፒውተር የሚሉት የቆርቆሮ ቅይጥ ይበቃል፣ ርካሽም ነው። ለሠርግ ስጦታ ብር ካልን ግን ማኅተሙን እንይ። በብሪታንያ ሕግ ብር ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ከ7.78 ግራም በላይ ከሆነ የፍተሻ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። 925 የሚለው ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የሠሪው ወይም የሻጩ ምልክትና የፍተሻ ቤቱም ምልክት ይኑር። የኤዲንብራው ግንብ ነው። ማኅተም የሌለውን በብር ዋጋ ደረሰኝ አንቀበልም።

ሁለት ናሙና ይዘን መጥተናል። ከቡናው በኋላ በወፍራም ሱፍ ላይ እየሰካን እንሞክረው፣ ከዚያ የትኛው እንደሚገዛ እጅ እናወጣለን።