ዛሬን በጽሑፍ



ባሌ ውስጥ፣ አጋርፋ ላይ፣ ማለዳ ይበርዳል። የስንዴው ቅጠል ጤዛ ቋጥሯል። ጎበዝ ገበሬ ግን ማሳው ውስጥ ነው። ቅጠሉን ገለጥ ያደርጋል። በጣቱ አሸት ያደርጋል። ጣቱ ላይ ብርቱካንማ ቢጫ ዱቄት ከቀረ፣ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ገብቷል።

የባሌ ገበሬ ዋግን ያውቀዋል። ተወዳጅ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግ ሲያጠቃው አይቷል። ስለዚህ ማሳውን ቶሎ ቶሎ ያያል። ያየውን ደግሞ መጻፍ ይጠቅመዋል። መቼ ዘራ? መቼ ዘነበ? ዋጉን መቼ አየ? መቼ ረጨ? ልብ ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም። የዘንድሮው ማስታወሻ ለከርሞ ምክር ይሆናል።

የእኛም ልማድ እንዲሁ ነው። ከልጆቻችን ጋር የምናነብ ይመስለናል። እናታችንን ቶሎ ቶሎ የምንጠይቅ ይመስለናል። ገንዘብ የምንቆጥብ ይመስለናል። ይመስለናል እንጂ አላየንም። ስንጽፈው ግን እናየዋለን። ያየነውን ደግሞ ማስተካከል እንችላለን።

ልማዱን ሳናደርግ ባዶ የቀረው ቀን አያሳፍረን። ባዶውም ይናገራል። ምን እንዳደናቀፈን ይነግረናል። ደክሞን ነበር? እንግዳ መጥቶ ነበር? ወይስ ስልካችን ላይ አመሸን? ምክንያቱን ያወቀ ሰው መላውን አያጣም።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ልማድ ብቻ እንምረጥ። ማታ ከመተኛታችን በፊት፣ አድርገነው ከሆነ አደረግሁ፣ ካላደረግነው አላደረግሁም ብለን በእውነት እንጻፍ። ነገም እንጻፍ። ከነገ ወዲያም እንጻፍ።