በቱርቦ መኪና ላይ የሚጨመሩ የጉልበት ማሻሻያዎች እንዴት ይፈተኑ?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ቱርቦ ባላቸው መኪናዎች ላይ ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ የሚጨመሩትን የጉልበት ማሻሻያ ዕቃዎች ስለ መፈተን የሚመለከት ነው። ርእሱ ሲሰማ የእሽቅድምድም ወዳዶች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየጋራዦቻችን ደጃፍ የሚቆሙትን መኪናዎች ለተመለከተ ሰው ነገሩ ከዚያ የሰፋ ነው። ባለ ፒካፑ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ እንዳይደክምበት፣ የሚኒባሱ ባለቤት ጊዜ እንዲያተርፍ፣ ባለ አውቶሞቢሉ ደግሞ ለገዛ ደስታው ሲል፣ ሁሉም «ጉልበት ጨምሩልኝ» እያለ ወደ እኛ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ፣ በባለቤቱ እጅ ያለው ሞተር ቢቃጠል በቀላሉ ምትክ የሚገኝለት አይደለም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ «ይህ ዕቃ ይህን ያህል ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ሲናገር፣ የሰውን ገንዘብና ንብረት፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን በቃሉ ላይ ያስቀምጣል ማለት ነው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ይኸውም ከመገጠሙ በፊትና በኋላ በእኩል ሁኔታ ያልተለካ ማሻሻያ፣ ማሻሻያ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ኃይል ተቀብሎ፣ ንጹሕ አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ሐሳቡን የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዝግቦታል። ለዛሬው ጉዳያችን የበለጠ ትምህርት የሚሰጠን ግን በ1918 በአሜሪካ የተደረገው ፈተና ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ፣ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን አስጭኖ፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው የኮሎራዶ ተራራ ጫፍ አወጣው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጥ የነበረው ሞተር፣ በተራራው ጫፍ ያለ ቱርቦ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። የዚህን ሥራ ጥንቃቄ ልብ በሉ። ሞተሩ ያው አንዱ ነው፤ ከፍታው ያው አንዱ ነው፤ የተለወጠው ቱርቦው ብቻ ነው። ውጤቱ ያለ ጥርጣሬ የተቀበሉት ስለዚህ ነው።

ይህ የተራራ ፈተና ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ የአየሯ ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው፤ ይህም በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በውጭ አገር ዝቅተኛ ስፍራ ተፈትኖ በማሸጊያው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል ብሎ መገመት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። የውጭውን አየር ጨምሮ 2.0 ባር ጠቅላላ ግፊት እንዲሰጥ የታዘዘ ቱርቦ፣ በባሕር ወለል አየሩን ሁለት እጥፍ ቢያምቅ ይበቃዋል። ያንኑ 2.0 ባር አዲስ አበባ ላይ ለመስጠት ግን 2.6 እጥፍ ማመቅ አለበት። በ20 ዲግሪ ሙቀት የገባው አየር፣ የመጭመቂያው ብቃት 70 ከመቶ ነው ብንል፣ በመጀመሪያው ሁኔታ 112 ዲግሪ ያህል ሆኖ ሲወጣ፣ በሁለተኛው 150 ዲግሪን ያልፋል። ቱርቦው በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ የሚሰጠውም አየር የጋለ ይሆናል። እንግዲህ ቀድሞውኑ በከፍታው ምክንያት በድካም በሚሠራ ቱርቦ ላይ ተጨማሪ ግፊት የሚያዝ ፕሮግራም መጫን፣ የደከመ በቅሎ ላይ ጭነት እንደ መደረብ ነው።

ተቃራኒውም አደጋ አለ። ዌስትጌት የሚባለው የትርፍ ጭስ ማሳለፊያ በስፕሪንግ ብቻ የሚሠራበት መኪና፣ አዲስ አበባ ላይ ከውጭው አየር በላይ 1.2 ባር እንዲሰጥ ተደርጎ ቢስተካከል፣ ጠቅላላ ግፊቱ 1.97 ባር ነው። ይኸው መኪና 400 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው የአፋር ቆላ ሲወርድ፣ ማንም ሳይነካው ግፊቱ ወደ 2.16 ባር ያድጋል። የውጭው ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ፣ በመንገድ ላይ የተገኘው ቤንዚን ደረጃው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ በከተማ ደኅና የነበረው ሞተር መንኳኳት ይጀምራል፤ ቆይቶም ፒስተን ይበሳል ወይም የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። በደጋ የተፈተነ ማሻሻያ በቆላ ሳይፈተን ተጠናቋል ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ አፈታተኑ ልለፍ።

በመጀመሪያ፣ ማሻሻያው ከመገጠሙ በፊት መኪናው ጤነኛ መሆኑ ይረጋገጥ። ብዙውን ጊዜ ደንበኛው አዲሱን ዕቃ በሚያስገጥምበት ቀን ዘይት ይለወጥለታል፤ ካንዴላ ይቀየርለታል፤ የላላ የአየር ቱቦ ይጠበቅለታል። ከዚያ በኋላ መኪናው ቢበረታ ምስጋናውን የሚወስደው አዲሱ ዕቃ ነው። ጉልበቱን የመለሰው ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ የሆነው የቱቦ ማጥበቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሰርቪሱ ይጠናቀቅ፤ ቀጥሎ ይለካ፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይገጠም።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይለወጥ። ፊልትሮ፣ ማርሚታና ፕሮግራም በአንድ ቀን ከተለወጡ፣ የትኛው እንደ ጠቀመ፣ የትኛውም እንደ ጎዳ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ሦስተኛ፣ የመንገድ ፈተናው በጥንቃቄ ይደረግ። ነጂውን ጨምሮ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሦስተኛ ማርሽ ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 6.0 ሴኮንድ ቢወስድበት፣ ለነፋስና ለጎማ የሚወጣው ሳይቆጠር፣ ለፍጥነቱ የዋለው አማካይ ኃይል 62 ኪሎዋት ያህል ነው። ጊዜው ወደ 5.5 ሴኮንድ ቢያጥር ኃይሉ 67 ኪሎዋት ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ሴኮንዱ አምስት ኪሎዋት ያህል ነው፤ ይህም ዕቃ ሻጩ ደስ ብሎት የሚያውጀው ቁጥር ነው። ነገር ግን መንገዱ በመቶ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ቢሆን፣ ይኸው መኪና በዚያ ፍጥነት ከሦስት ኪሎዋት በላይ ለዳገቱ ይከፍላል። 75 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጓደኛ ከመኪናው ቢወርድም ጊዜው በ0.3 ሴኮንድ ያህል ያጥራል። በዐይን የማይታይ ዳገትና አንድ ተሳፋሪ አንድን የውሸት ማሻሻያ እውነት ለማስመሰል ይበቃሉ። ስለዚህ ፈተናው በዚያው መንገድ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ በዚያው ክብደትና በዚያው የጎማ ግፊት ይደረግ፤ ቦታውም ሰውና እንስሳ የማያቋርጡበት፣ ከትራፊክ ነፃ የሆነ ይሁን።

አራተኛ፣ ፈተናው ይደጋገም፤ በመጨረሻም ወደ መነሻው ይመለስ። አሮጌው ዕቃ እንዳለ ሦስት ጊዜ፣ አዲሱ ተገጥሞ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያም አሮጌው ተመልሶ ሌላ ሦስት ጊዜ ይለካ። በአሮጌው ዕቃ የተገኙት ቁጥሮች እርስ በርሳቸው በ0.3 ሴኮንድ የሚለያዩ ከሆነ፣ አዲሱ ዕቃ ያስገኘው የ0.2 ሴኮንድ ልዩነት ዋጋ የለውም። አሮጌው ሲመለስም ጊዜው ወደ ቀድሞው ካልተመለሰ፣ የተለወጠው ዕቃው ሳይሆን አየሩ፣ ነዳጁ ወይም የሞተሩ ሙቀት ነበር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ይህን የመጨረሻውን እርምጃ በድካም ምክንያት እንዘለዋለን፤ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለየው ግን እርሱ ነው።

መኪናን በሮለር ላይ አቁሞ ጉልበቱን የሚለካውን መሣሪያ በተመለከተም ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው፣ የመሣሪያው ፕሮግራም የቀኑን አየር አይቶ ቁጥሩን የሚያባዛ መሆኑ ነው። ይህ ማባዣ በመሠረቱ የታሰበው ቱርቦ ለሌለው ሞተር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱን ብቻ ብንወስድ ማባዣው 1.3 ያህል ይሆናል። ቱርቦው የጎደለውን አየር አስቀድሞ የሞላለት ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶ ሳለ፣ ወረቀቱ 195 ብሎ ሊያትም ይችላል። ስለዚህ ያልተባዛው ቁጥር ከቀኑ ግፊትና ሙቀት ጋር ይጻፍ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለ ነፋሱ ነው። በመንገድ ላይ ኢንተርኩለሩን የሚያገኘውን ያህል ነፋስ አንድ ትንሽ ማራገቢያ አይሰጥም፤ በመሆኑም መልካም ኢንተርኩለር በቤት ውስጥ ከንቱ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ስለየዕቃዎቹ በአጭሩ ልናገር። ክፍት ፊልትሮ ድምፁ ያማረ ቢሆንም ከኮፈኑ ሥር የጋለ አየር ሊስብ ይችላል፤ በአቧራማ መንገዳችንም የማጣራት ችሎታው ካነሰ የቱርቦውን ክንፎች ይበላል። ጥቅሙን ለማወቅ በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል ያለውን የግፊት መጉደልና የሚገባውን አየር ሙቀት መለካት ይገባል። ኢንተርኩለር የሚፈተነው በመግቢያውና በመውጫው ባለው ሙቀትና ግፊት ነው፤ ያውም በአንድ ሩጫ ሳይሆን በተከታታይ ሩጫዎች ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ሩጫ ማንኛውም የቀዘቀዘ ብረት ያሳምረዋል። ጭስን በቀላሉ የሚያሳልፍ ቱቦ ደግሞ ግፊትን ራሱ በሚቆጣጠር ዘመናዊ መኪና ላይ ጉልበት ሳይጨምር ሊቀር ይችላል። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ግፊት ካገኘ ትርፉን በዌስትጌት ያሳልፈዋልና። ይሁን እንጂ ቱርቦው ያንኑ ሥራ በቀለለ ሁኔታ እንዲሠራ ስለሚያደርግ፣ እንደ እኛ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ይህ ብቻውን ጥቅም ነው። ለደጋ አገር የሚሻለው ማሻሻያ ግፊት የሚጨምረው ሳይሆን ሸክም የሚያቀለው ነው ብዬ የማምነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ፕሮግራም መለወጥ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጉልበቱ በእርግጥ ሊጨምር ይችላል፤ የሚጨምረው ግን ፋብሪካው ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ትርፍ አቅም በመብላት ነው። ዛሬ ከመኪናው ኮምፒዩተር ግፊትን፣ የአየር ሙቀትንና የእሳት ሰዓትን ማንበብ የሚችል አነስተኛ መሣሪያ በቀላሉ ይገኛል። በቤንዚን ሞተር በሦስተኛው ሩጫ ኮምፒዩተሩ የእሳቱን ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰ፣ ሞተሩ የመንኳኳት አደጋ ተሰምቶት ራሱን እየተከላከለ ነውና በመጀመሪያው ሩጫ የታየው ቁጥር ሊታመን አይገባውም። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ጥቁር ጭስና ከልክ ያለፈ የጭስ ሙቀት ነዳጁ ከአየሩ መብለጡን ይመሰክራሉ።

ፋብሪካዎች ራሳቸው በዚህ መንገድ ተፈትነዋል። በ1962 የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ የቱርቦ አውቶሞቢሎች አንዱ ነበር። ሞተሩ እንዳይንኳኳ የውሃና የሜታኖል ቅልቅል ይረጭለት ነበር። መሐንዲሶቹ የሠሩት ዘዴ በፈተና ቦታቸው ሠርቷል፤ ብዙ ባለቤቶች ግን ፈሳሹን በጊዜው አይሞሉም ነበርና መኪናው ሁለት ዓመት ብቻ ተመርቶ ቀረ። ከዚህ የምንማረው ፈተና በጋራዥ ደጃፍ እንደማያልቅ ነው። ደንበኛው መኪናውን እንዴት እንደሚነዳ፣ የት እንደሚጓዝና ምን ነዳጅ እንደሚቀዳ ሳይጠየቅ የተሰጠ ማሻሻያ ግማሽ ሥራ ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ተመልሶ እንዲታይ መቅጠር ተገቢ ነው። ፍሬኑ፣ ጎማውና ፍሪሲዮኑ ለአዲሱ ጉልበት የማይበቁ ከሆነም፣ ጉልበቱ እንዳይጨመር የመምከር ግዴታ አለብን።

ክቡራን አባላት፤ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላልና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ጋራዥ አንድ የፈተና ወረቀት ያዘጋጅ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ሙቀቱ፣ ነዳጁና ክብደቱ፣ ከማሻሻያው በፊት፣ በኋላና ወደ ቀድሞው ሲመለስ የተገኙት ቁጥሮች ሁሉ ይጻፉበት። አንዱ ቅጂ ለደንበኛው ይሰጥ፤ ሌላው በጋራዡ ይቀመጥ። ዕቃው ምንም ጥቅም ያላሳየ እንደ ሆነም ያው ይጻፍ። እንዲህ ያለው ወረቀት በአንድ ቀን አንድ ሽያጭ ሊያስቀርብን ይችላል፤ ነገር ግን የባለሙያውን ቃል የሚያስከብረውና ከወሬ የሚለየው እርሱ ነው።