የጅብ ሂሳብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የገቢና ወጪ ሪፖርት አድምጣችኋል። አሁን የምናነሳው ከአባላት በጽሑፍ የቀረበልንን አንድ ጥያቄ ነው። በዚህ ክረምት ጅብ የአንዳንድ አባሎቻችንን በጎች በልቷል። በጎቹ በብድር የተገዙ ናቸው፤ በጉ ቢጠፋም ዕዳው አልጠፋም። ስለዚህ እህቶቻችን ከመጠባበቂያው ሂሳብ ወጪ ተደርጎ መርዝ ይገዛልን፣ ከሥጋ ጋር ተለውሶ በየጥጉ ይጣልልን ብለዋል። ንዴታቸው ይገባናል። ገና ሳይነጋ በርበሬዋን ይዛ ወደ ገበያ የምትወጣ ሴት የጅብ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። በሂሳብ ክፍል ያለን ሰዎች ግን ማንኛውንም ወጪ ከመፈረማችን በፊት ሁለቱንም ዓምድ እናያለን። የጅብንም ሂሳብ እንደዚሁ እንክፈተው።

የጉዳቱ ዓምድ ግልጽ ነው፤ በግ፣ ፍየል፣ አህያ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ሥጋት አለ። በአገራችን ደጅ ባደሩ ሰዎችና በሕፃናት ላይ አደጋ የደረሰባቸው ቦታዎች አሉ፤ ይህን አቅልለን አናልፍም።

በጥቅሙ ዓምድ ግን የተጻፈ ነገር እምብዛም አናገኝም፤ ጅብ ደረሰኝ አይቆርጥምና። ደግነቱ መቀሌ ላይ ተመራማሪዎች ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናታቸው መሠረት፣ በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን ጥንብና የእንስሳት ተረፈ ሥጋ ይበላሉ። በዚህም በሰው ላይ 5፣ በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ ደግሞ 140 የአባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሕመሞችን በየዓመቱ እንደሚያስቀሩ ገምተዋል። በገንዘብ ሲተመን ከ52 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው። ይህን ያህል ሥራ በደመወዝ እናሠራ ብንል የትኛው ማዘጋጃ ቤት ይችለዋል?

እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚያው ከሰሜን የአገራችን ክፍል የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ በቀጥታ የሚጠቅም ነገር ይነግረናል። በዐቢይ ጾም ሥጋ የሚበላው ሰው ሲቀንስ፣ በጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ጅብ የሚሄደው ምግብ ወዳለበት ነው፤ ተረፈ ሥጋ ሲያጣ ወደ ጋጣችን ይመጣል። እንግዲያው ቆሻሻችንን የት እንደምንጥልና ጋጣችንን መቼ አጥብቀን እንደምንዘጋ ካወቅን፣ የጅቡን መንገድ በተወሰነ ደረጃ የምንወስነው እኛ ነን ማለት ነው። የሐረር ሰዎች ይህን ቀድመው ያወቁ ይመስላል፤ በጁገል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ትተው ከእሱ ጋር ኖረዋል።

አሁን ወደ መርዙ እንምጣ። መርዝ የሚበላውን አይመርጥም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ የሞተውን ውሻ ደግሞ ጥንብ አንሳ ይበላዋል። በቄራና በልኳንዳ አካባቢ የምናየው ቡናማው አነስተኛ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ ገብቷል። በአንድ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ በመሆኑ የሞተውን ቶሎ አትተካም።

ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ህንድ አይታዋለች። በ1990ዎቹ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ለከብት ይሰጥ ጀመር። የእነዚያን ከብቶች ጥንብ የበሉ ጥንብ አንሳዎች በኩላሊት ጉዳት አለቁ፤ በብዛት ከነበሩት ከ95 በመቶ በላይ ጠፉ። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ውሻ በዛ፣ ውኃው ተበከለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በዚህ ምክንያት 500 ሺህ ያህል ተጨማሪ ሰዎች እንደሞቱ ኢኮኖሚስቶች አስልተዋል። ህንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለች፤ ወፎቹ ግን እስከ ዛሬ ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው አልተመለሱም።

እህቶቻችን፣ አያቶቻችን ከዘቢዳር ተራራ ሥር ከጅብ ጋር ተጎራብተው ኖረዋል። በጉራጌ ባህላዊ ቤት ከብቱ የሚያድረው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በጋጣው ውስጥ ነው። በሩ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋበታል። ጀፎረውም የጋራ ስለሆነ በደንብ ይጠበቃል፤ ማንም ቆሻሻ አይደፋበትም። ቡታጅራ ስታድግ ግን እኛ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ በጋችንን ችካል ላይ አስረን ማሳደር ጀመርን። የመስቀልና የአረፋ እርድ ተረፈ ሥጋም በሰፈሩ ቦይ ውስጥ ይጣላል። ጅቡ የቆየ መንገዱን ይዞ ይመጣል፤ ግብዣውን በደጃችን ያገኘዋል፣ በጉንም አጠገቡ ታስሮ ያገኘዋል። ተፈጥሮን መጠበቅ ሲባል በወልቂጤ በኩል እንዳለው እንደ ጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ያለ ሩቅ ቦታ ብቻ ይታሰበናል። ከአጥራችን ሥርም ይጀምራል።

ስለዚህ የሂሳብ ክፍላችንና የብድር ኮሚቴው ለዛሬው ድምፅ የሚከተለውን ያቀርባሉ።

አንደኛ፣ ለመርዝ የተጠየቀው ገንዘብ ለጋጣ ማጠናከሪያ ይዋል። የበግ ብድር የምትወስድ አባል ሁሉ በጉ ከመገዛቱ በፊት ጣሪያና የሚዘጋ በር ያለው ጋጣ እንዳላት በጎረቤት አባላት ይታይላት፤ ከሌላት ያለ ወለድ ይበደርላት።

ሁለተኛ፣ በጎቻቸው የተበሉባቸው እህቶች የብድር መክፈያ ጊዜያቸው ይራዘምላቸው። ጉዳቱን ብቻቸውን መሸከም የለባቸውም።

ሦስተኛ፣ ለመስቀልና ለአረፋ በየሰፈሩ የአህያ ጋሪ ተከራይተን የእርዱን ተረፈ ሥጋ ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ውጭ ወደሚፈቅደው ቦታ በጋራ እንውሰድ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። መስቀል እየመጣ ነው፤ ከጅቡ በፊት እኛ እንዘጋጅ። መርዝ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ጉዳቱ ግን በየዓመቱ ይመዘገባል። ጋጣ ግን ዛሬ ወጪ ቢሆንም ከዓመት ዓመት በንብረት መዝገባችን ላይ ይቆያል። አሁን ድምፅ እንድትሰጡ እንጠይቃለን።