ላበጠ እግር መታሸት መቼ ይረዳል? መቼስ ይጎዳል?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ



ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን እግራቸው አብጦ ሲቸገሩ እኛው ነን ወጌሻ የጠራንላቸው። «ደም ረግቶ ነው፣ ጠበቅ ተደርጎ ቢታሽ ይለቃል» አልን። ታሹ፤ ሌሊቱን ትኩሳት ያዛቸው፣ እግራቸውም ፍም መሰለ። ጥፋቱ የወጌሻው አይደለም፤ ሳንጠይቅ የወሰንነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ።

በሰውነታችን ከደም ሥር ሌላ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚሄድበት ቀጭን ቧንቧ አለ። ደምን ልብ ይገፋዋል። ሊምፍ ግን የሚሄደው በቧንቧው መኮማተር፣ በጡንቻ እንቅስቃሴና በትንፋሽ ነው። መንገዱ ሲበላሽ ፈሳሹ ይጠራቀምና እግር ያብጣል። ለጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴት ክንዷ የሚያብጠውም በዚሁ ነው። በደጋው አገራችን አንዱ ትልቅ ምክንያት ዝሆኔ ነው። በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ በዘሩ ተጋላጭ ከሆነ፣ ደቃቁ አፈር በቆዳው ገብቶ ቧንቧውን ይጎዳዋል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

የሊምፍ ማሸት የሚባል ሕክምና አለ። ቮደር የተባሉ የዴንማርክ ባልና ሚስት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። እንደ ወጌሻ አይጫንም፤ የሠለጠነ እጅ ቆዳውን ብቻ ለስለስ አድርጎ ይስባል። መጀመሪያ ከላይ ያለውን መንገድ ያዘጋጃል፣ ከዚያ የታችኛውን ፈሳሽ ወደ ላይ ይሸኛል። ብቻውን ግን አያድንም፤ ፋሻና እንቅስቃሴ ካልተከተለው እብጠቱ ይመለሳል። ትኩሳትና መቅላት ሲኖር፣ የረጋ ደም ሲጠረጠር ወይም ልብ ሲደክም ማሸት አደገኛ ነው።

ታዲያ የሠለጠነ እጅ ካላገኘን ምን እናድርግ? በየቀኑ እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ስንቀመጥ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ጫማ ማድረግ። ፋሻውን ባለሙያ ያሳየን። ይህ ቀላል ነገር አይምሰለን። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ የዝሆኔ ሕሙማን ላይ ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ እንዲህ ዓይነት እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች እግራቸው እየተቆጣ የሚጥላቸው ጊዜ ቀንሶላቸዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። ያበጠን እግር ሳንመረመር አናሳሽ። ከገጠር የሚመጡ ዘመዶቻችንን ልጆች በባዶ እግር አንሸኝ። እግሩ ያበጠውን ሰው ከቡናችን አናርቅ።

እኒያ ጎረቤታችን እግራቸውን በነጠላ ሸፍነው ከቤት ሳይወጡ ከርመው ነበር። ዛሬ ጫማ አድርገው ከመካከላችን ተቀምጠዋል። እግራቸው ፈጽሞ አልጎደለም፤ ትኩሳቱ ግን ከታጠቡ ወዲህ አልተመለሰባቸውም። ይህን እንድናነብም የፈቀዱልን እሳቸው ናቸው።