የፈረሱ ሳልና የጋጣው አቧራ



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ጋሪ ፈረስ ሳል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የባለጋሪው ቤተሰብ እንጀራ የሚበላው በዚህ እንስሳ ጉልበት መሆኑን አንርሳ። ፈረሱ ትንፋሽ ሲያጥረው የቤት ኪራዩም የልጆቹ ደብተርም አብሮ ይጎድላል።

እኛም ቀደም ሲል ፈረስ ሲያስለው «ብርድ መትቶት ነው» ብለን የጋጣውን ቀዳዳ ሁሉ በጆንያ እንወትፍ ነበር። ደረቁን ጭድም እዚያው ፊቱ እናራግፍለት ነበር። ያደረግነው አዝነንለት ነው፤ ነገር ግን ሳናውቅ ሕመሙን አባባስንበት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጭድና በድርቆሽ ውስጥ፣ ይልቁንም ሳይደርቅ በተከመረው፣ ለዐይን የማይታይ የሻጋታ ብናኝ አለ። ፈረስ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ፣ አፍንጫውን ጭድ ውስጥ ቀብሮ ሲበላ ብናኙን ወደ ሳንባው ይስባል። ሰውነቱም ለመከላከል ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል። እነዚህ ሴሎች ከኦክስጅን የሚሠሩት ኀይለኛ ነገር አላቸው፤ ሲበዛ ግን ዝገት ብረትን እንደሚበላ የሳንባውን ቧንቧ ይጎዳል። ሊቃውንት ይህን ጉዳት «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» ይሉታል። ሳንባን ከዚህ ከሚጠብቁት አንዱ ቫይታሚን ሲ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በታመሙት ፈረሶች ሳንባ ውስጥ ይህ ቫይታሚን አንሶ መገኘቱን አሳይቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በሽታው «የፈረስ አስም» እየተባለ ይጠራል።

ጤነኛ ፈረስ ቆሞ ሲያርፍ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። የታመመው ግን ሥራ ሳይሠራ አፍንጫው ይሰፋል፤ ትንፋሹን በሆዱ እየገፋ ያወጣል፤ ሲበላም ያስለዋል። ትኩሳት ካለው ወይም አንገቱ ሥር ካበጠ ሌላ፣ ምናልባትም ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ለይታችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጭዱን ለግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ነክረን እንስጠው፤ እንዳይበላሽ የተረፈውን በዕለቱ እንጣል። ገበታውን ዝቅ እናድርግለት፤ አንገቱን ሲደፋ አክታው ይወርድለታል። ጣራው ይኑር፤ ግድግዳው ግን ነፋስ ያስገባ። ስንጠርግ ፈረሱን አስቀድመን እናውጣው። የጭዱን ክምር ከጋጣው እናርቀው። እርጥብ ሣር በተገኘ ጊዜም እንስጠው፤ ሣር ሲደርቅ ብዙ ቫይታሚን ኢ ይጠፋበታል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ነገር ግን ቶሎ ይሁን፤ ለዓመታት የተጎዳ ሳንባ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ደግሞም ብዙዎቻችን ከከብቶቻችን ጋር በአንድ ጣራ ሥር እናድራለን። ፈረሱን የሚያስለው አቧራ የልጆቻችንም ትንፋሽ ነው። እንግዲህ ነገ ጠዋት ጋሪው ከመጠመዱ በፊት ከፈረሳችሁ አጠገብ ቁሙና ትንፋሹን ቁጠሩ።