የሚረጨው ሌላ፣ የሚቅመው ሌላ

ጫት ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት የተቀነጠበው ከሰዓት ካልተሸጠ ዋጋው ይወርዳል፤ ካደረማ ገዢው ፊቱን ያዞርበታል። ይህን ለማወቅ በድሬዳዋ ገጠር ያለው የቢዮ አዋሌ ገበሬም ሆነ ነጋዴ አስተማሪ አያስፈልገውም። ተባይ የገባበት ማሳ ባለቤትም በዚሁ ጥድፊያ መሃል ይወስናል፦ ዛሬ ረጭቶ ነገ ይቁረጥ ወይስ የመድኃኒቱ ኃይል እስኪበርድ ይታገስ?

የታገሰው ኪሳራው ወዲያው ይታየዋል። ያልታገሰው ብሩን ይቆጥራል፤ ጉዳቱ ግን ድሬዳዋ ከተማ ወይም ከዚያ ወዲያ፣ ስሙን በማያውቀው ቃሚ ሆድ ውስጥ ነው። ጫት እንደ ጎመን አይቀቀልም፤ በጥሬው ይታኘካል። ዙርባ ከዙርባ ከተደባለቀ በኋላ ደግሞ የማን ማሳ እንደነበር ማን ይለያል? ብዙ ሰው ሕሊና ስለሌለው አያጠፋም፤ መዘዙ ዞሮ እንደማያገኘው ሲገምት ነው እጁ የሚደፍረው።

ለዚህ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ጥሩ ማሳያ ነው። አደገኛ ኬሚካሎችን የሚገድበው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት እንደ ወባ ትንኝ ያሉ በሽታ አስተላላፊዎችን ለመከላከል ካልሆነ በቀር አይፈቅደውም። ሆኖም በኢትዮጵያ በተደረገ የላቦራቶሪ ምርመራ ጫት ላይ ተገኝቷል። ለራሱ መቃሚያ ያልተረጨችውን ጥግ ለይቶ የሚያስቀር ገበሬ ካለ፣ መዘዙን አላወቅሁም ሊል አይችልም።

አንዳንዴም «መዘዙ አያገኘኝም» የሚለው ግምት ይከሽፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከሚፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ከአገሪቱ የወጪ ቡና አምስተኛውን ያህል ትገዛ የነበረች ደንበኛ ናትና ሽያጩ ክፉኛ ወረደ። ጥርጣሬው ከማሳው ይልቅ በተበከለ ጆንያ ላይ አረፈ። ጆንያውን ማን እንደበከለው አርሶ አደሩ አያውቅም፤ ማሳው ላይ ጠብታ መድኃኒት ያልረጨውም ግን ገበያውን አብሮ አጣ።

ከገበያው በፊት ደግሞ፣ ከቃሚው ቀድሞ፣ የመርጨቱ መዘዝ የሚያርፈው ራሱ ረጪው ላይ ነው፤ ያለ ጓንት፣ አፉን በጨርቅ ብቻ ሸፍኖ መርጫውን የሚያዝለው እሱ ነው። ባዶውን ጠርሙስ አጥቦ ውኃ የሚቀዳበት ቤትም አለ።

ምክር ብቻውን የገበሬውን የትርፍና የኪሳራ ስሌት አይለውጠውም። ነጋዴው ሲረከብ «መቼ ተረጨ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የእያንዳንዱን ማሳ ዙርባ ለየብቻ ቢያስር፣ ለታገሰው ደግሞ ትንሽ ጭማሪ ቢከፍል ኪሳራው በገበሬው ትከሻ ብቻ አይቀርም። ጭማሪው ስንት ይሁን የሚለውን አምራቾቹና ነጋዴዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነጋገሩበታል።