ጠቋሚን መሸለም፦ የታክስ ስወራና የሕጋችን ክፍተት



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። መንግሥት ታክስ ስወራን ለሚጠቁም ሰው ገንዘብ መክፈሉ ተገቢ ነውን?

በቋንቋችን ለጠቋሚ ያሉን ስሞች አክብሮት የላቸውም፤ «ጆሮ ጠቢ» እንላለን፣ «አሳባቂ» እንላለን። በጥቆማ ቤት ሲፈርስ ያየ ትውልድ ይህን ጥርጣሬ አቅልሎ ሊያልፈው አይችልም። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ያኔ የሚጠቆመው የሰው ሐሳብ ነበር፤ እዚህ የሚጠቆመው ሰነድ ነው። ሰነድ ይመረመራል፤ የተጠቆመውም ሰው ይሟገትበታል።

በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ አከራካሪው ገንዘብ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ሲበልጥ፣ በጥቆማው ከተሰበሰበው ከ15 እስከ 30 በመቶ ለጠቋሚው እንዲከፈል ይፈቅዳል። የስዊዘርላንዱ ዩቢኤስ ባንክ ሠራተኛ የነበረው ብራድሊ በርከንፌልድ የባንኩን አሠራር ካጋለጠ በኋላ፣ ባንኩ በ2009 እ.ኤ.አ. 780 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በርከንፌልድም የድርጊቱ ተካፋይ ነበርና በዚያው ዓመት የ40 ወር እስራት ተፈረደበት። በ2012 እ.ኤ.አ. ከእስር እንደ ወጣ ግን 104 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ። ብዙዎች ይህን ነውር ይሉታል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ከውስጥ ሰው በቀር ማን ያውቅ ነበር?

በእኛ አገር የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ተጨባጭ መረጃ ላቀረበ ሰው፣ ታክሱ ሲሰበሰብ፣ ከተሰወረው ታክስ እስከ 20 በመቶ እንዲሸለም ደንግጓል። ሆኖም በስወራው የተሳተፈ ሰውና መጠቆም የሥራ ግዴታው የሆነ ሰው አይሸለሙም። ሁለተኛው ክልከላ ተገቢ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ሽልማት አያሻውም። የመጀመሪያው ግን ከመጠን በላይ ሰፊ ይመስለኛል። ሁለት የሒሳብ መዝገብ ያለውን ድርጅት ምስጢር የሚያውቀው በባለቤቱ ትእዛዝ ቁጥሩን የጻፈው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የአሜሪካው ሕግ ሽልማቱን የሚቀንሰው ስወራውን ባቀደውና በጀመረው ሰው ላይ ነው። እኛም አቃጁን ከታዛዡ ብንለይ መልካም ነው።

ሽልማት የሐሰት ጥቆማን አያበዛምን? ክፍያው ከተሰበሰበ ታክስ ላይ ስለሆነ ሐሰተኛ ጠቋሚ ገንዘብ አያገኝም። ተፎካካሪውን ለመጉዳት ብቻ የሚጠቁም ነጋዴ ግን ሽልማት አይፈልግም፤ ስለዚህ ማጣራቱ እስኪያበቃ የተጠቆመውም ስም በምስጢር ሊጠበቅ ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ጥቂቶቻችሁ በቅርቡ እንዲህ ባለ መዝገብ ፊት ትቀመጣላችሁ። ብትጽፉ ከሽልማቱ ትወጣላችሁ፤ አንጽፍም ብትሉ ሥራችሁን ልታጡ ትችላላችሁ። ሕጉ በዚህ ቦታ ለቆመ ሰው ምን ሊያደርግ ይገባል? ውይይታችንን ከዚህ እንድንጀምር እጋብዛለሁ።